ሥራ ለበዛበት ሰው ስለሚስማማ የሰውነት እንቅስቃሴ

በወለጋ ከተሞች የሰው ጤንነት ብዙውን ጊዜ የሚመዘነው በዓይን ነው። ተራርቀው የሰነበቱ ወዳጆች በነቀምት መናኸሪያም ሆነ በኑኑ ቁምባ ገበያ ሲገናኙ፣ ሰላምታው ተሰጥቶ ሳያልቅ አንደኛው ሌላውን «አምሮብሃል፤ ተመችቶሃል መሰለኝ» ያለው እንደ ሆነ፣ ጉንጭህ ሞልቶ ሆድህም ገፋ ብሎ አየሁት ማለቱ ነው። ጥቂት ኪሎ የቀነሰ ሰው ግን «ምነው ከሳህ? ታመህ ነበር እንዴ?» ተብሎ ይጠየቃል። ይህ አነጋገር ያለ ምክንያት የተለመደ አይደለም። ረኃብ፣ ወባና የሳንባ ነቀርሳ፣ በኋላም የኤድስ በሽታ ወንድሙንና ጎረቤቱን አክስተው ሲወስዱበት ያየ ሕዝብ ክሳትን ቢፈራ አይፈረድበትም።

ይሁን እንጂ ክሳትን ስንፈራ የኖርን ሰዎች ውፍረትን ሳንጠረጥረው ወደ ቤታችን አስገብተነዋል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው ጥናት መሠረት፣ ከጎልማሶቻችን ከመቶ 16 ያህሉ የደም ግፊታቸው ከሚገባው በላይ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ከልክ በላይ የወፈሩት በአገሪቱ ሁሉ ሲታዩ ከመቶ 6 ያህል ብቻ ነበሩ። ቍጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን አብዛኛው ሕዝባችን ገበሬ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ውፍረቱ ተከማችቶ የሚገኘው ከጽሕፈት ጠረጴዛው፣ ከሱቅ መደርደሪያውና ከመሪው ጀርባ በሚውለው የከተማ ሰው ዘንድ ነው። ይህም ሰው ብዙውን ጊዜ የአንድ ቤት ምሰሶ የሆነ ደመወዝተኛ ወይም ነጋዴ ነው። የደም ግፊቱ ሳይታወቅ ቆይቶ አንድ ቀን የአንጎሉ ደም ሥር የተዘጋ ወይም የፈሰሰ እንደ ሆነ፣ አልጋ ላይ የሚወድቀው እሱ ብቻ ሳይሆን የልጆቹ የትምህርት ቤት ወጪና የቤት ኪራዩም ጭምር ነው። የስኳር በሽታም እንዲሁ ነው፤ በየወሩ መድኃኒት መግዛትን ዕድሜ ልክ የሚያስከትል ነው።

እንግዲህ ውፍረት ከልክ ያለፈ መሆኑን ለማወቅ ሚዛን በየቤቱ የለም፤ አያስፈልግምም። አንድ ረዘም ያለ ክር ወይም ሲባጎ ይወሰድ። ሰውየው ጫማውን አውልቆ ቀጥ ብሎ ይቁምና ቁመቱ ከተረከዝ እስከ አናት በክሩ ይለካ። ከዚያም ክሩ እኩል ለሁለት ይታጠፍና በወገብ ላይ፣ ከእምብርት ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ሆድን ወደ ውስጥ ሳይስቡ ይጠምጠም። የታጠፈው ክር ዙሪያውን ደርሶ ጫፎቹ ከተገናኙ ደኅና ነው። ጫፎቹ ሳይገናኙ ከቀሩ ግን ወገቡ ከቁመቱ እኩሌታ በልጧልና በሆድ ውስጥ የተከማቸው ስብ ለልብና ለደም ሥር አስጊ ወደሚሆንበት ደረጃ መድረሱን ያመለክታል። ቦርጭ ጉዳቱ ለዓይን አለማማሩ ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ይሁን እንጂ ከሁሉ ይልቅ የሚያሠጋው በጉበትና በአንጀት ዙሪያ የሚጠራቀመው ስብ ነው። ይህን ክር ጥለው እንዳይሄዱ አንባቢዎቻችንን እንለምናለን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ስለ ሰውነት እንቅስቃሴ በተናገርን ቍጥር የምናገኘው መልስ አንድ ዓይነት ነው፤ ይኸውም «ጊዜ የለኝም» የሚል ነው። መልሱ ሐሰት አይደለም። አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ጧት በ2፡30 ሥራ ይገባል፤ በ6፡30 ለምሳ ይወጣል፤ ከ7፡30 እስከ 11፡30 እንደገና ይቀመጣል። ወደ ቤቱ ሲመለስ ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ቀርቷታል። ከዚያ በኋላ ለቅሶ መድረስ አለ፤ ዕድር አለ፤ የልጅ የቤት ሥራ አለ። ሴት ሠራተኛ የሆነች እንደ ሆነ ደግሞ ምጣዱና ድስቱ ከቢሮው ቀጥሎ ይጠብቋታል። ባለሱቁ ከማለዳ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ከሱቁ አይለይም። ለእነዚህ ሰዎች በየቀኑ አንድ ሰዓት ሩጡ ብሎ መምከር ምክር ሳይሆን ቀልድ ነው። በነቀምት የስፖርት ማሠሪያ ቤት ገብተው በየወሩ ክፍያ ከፍለው የሚሠሩ አሉ፤ መልካም አድርገዋል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ቤት በሌለበት የወረዳ ከተማ የሚኖር ወይም ደመወዙ ለዘይትና ለጤፍ የማይበቃ ሰው ከጤናው ሊቀር አይገባውም።

ስለዚህ ጥያቄውን ገልብጠን እናየው ዘንድ ይገባል። ለሰውነት እንቅስቃሴ አዲስ ጊዜ ከመፈለግ ይልቅ ቀድሞ ካለን ጊዜ ውስጥ ተቀምጠን የምናሳልፈው የትኛው ነው?

ይህን ለማስረዳት አንድ የታወቀ ምርመራ እንጠቅሳለን። ጄሪ ሞሪስ የተባለ የእንግሊዝ ሐኪምና የሥራ ባልደረቦቹ የሎንዶንን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሠራተኞች ለብዙ ጊዜ ተከታትለው ውጤቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1953 ዓ.ም. አወጡ። ሾፌሩና ቲኬት ቆራጩ በአንድ አውቶቡስ ላይ የሚሠሩ፣ አኗኗራቸውም ብዙ የማይራራቅ ሰዎች ናቸው። ልዩነታቸው ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ሲቀመጥ ቲኬት ቆራጩ ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ መዋሉ ነው። የልብ ደም ሥር በሽታ በቲኬት ቆራጮቹ ላይ ከሾፌሮቹ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሞቹ በዚህ ብቻ አልተወሰኑም፤ ድርጅቱ ለሠራተኞቹ የሚያሰፋውን የደንብ ልብስ ልክ መዝገብ አገላብጠው ቢያዩ የሾፌሮቹ የሱሪ ወገብ ሰፊ ሆኖ አገኙት። እውነቱን ለመናገር ግን ሾፌሮቹ ገና ሥራ ሲይዙም ወፈር ያሉ ነበሩ፤ ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በወንበሩ ላይ መጣል አይቻልም። ቢሆንም ከዚያ ወዲህ በየአገሩ የተደረጉት እጅግ ብዙ ምርመራዎች የመጀመሪያውን አሳብ አጽንተውታል።

ከነቀምት ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ የተጓዘ ሰው ይህን ለመረዳት ሎንዶን መሄድ አያስፈልገውም። ሾፌሩን ከወንበሩ፣ ረዳቱን ደግሞ ጣራ ላይ ወጥቶ የቡና ጆንያና የዶሮ ቅርጫት ሲያስርና ሲፈታ ተመልክቶ የሁለቱን ወገብ ማነጻጸር ይበቃዋል።

ረዳቱ «ስፖርት እሠራለሁ» ብሎ አያውቅም። ሥራው ራሱ ያሠራዋል። እኛም ከዚህ የምንማረው እንቅስቃሴ በቀን ሥራ ውስጥ ተሰፍቶ መግባት የሚችል መሆኑን ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ባወጣው መመሪያ፣ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው በሳምንት ቢያንስ ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ ድካም ያለው እንቅስቃሴ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ብርቱ ድካም ያለው እንቅስቃሴ ማድረግ እንዳለበት ደንግጓል። ከቀድሞው መመሪያ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ቀደም ሲል ከ10 ደቂቃ ያነሰ እንቅስቃሴ አይቆጠርም ነበር፤ አሁን ግን 5 ደቂቃም ቢሆን ከድምሩ ይገባል። ይህ ለሥራ ብዙው ሰው ትልቅ እፎይታ ነው።

ሒሳቡን በአንድ ምሳሌ እንሥራው። አንድ ጸሐፊ ከቤቱ እስከ መሥሪያ ቤቱ በእግር 25 ደቂቃ ያስኬደዋል እንበል። ዛሬ ይህን መንገድ በባጃጅ ይሄዳል። ጧትና ማታ በእግሩ የሄደ እንደ ሆነ በቀን 50 ደቂቃ፣ በአምስት የሥራ ቀን 250 ደቂቃ ይሆንለታል። መመሪያው ከሚጠይቀው 150 ደቂቃ በ100 ደቂቃ ይበልጣል። ከጊዜው ያጣው ምን ያህል ነው? ባጃጅ እስኪመጣና ሦስተኛው ተሳፋሪ እስኪሞላ የሚቆምበትን ጊዜ ብንቀንስ፣ ምናልባት በጉዞ 12 ወይም 15 ደቂቃ ነው። ገንዘቡ ደግሞ በኪሱ ይቀራል። ለጤና ከሚሰጡ ምክሮች ሁሉ ተከታዩን ከማስከፈል ይልቅ የሚከፍለው ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ቤቱ እጅግ የራቀበት ሰው ባጃጁን ግማሽ መንገድ ላይ ወርዶ የቀረውን በእግሩ ይጨርስ። ቤቱ ለመሥሪያ ቤቱ የቀረበ እንደ ሆነ ደግሞ በዙሪያው መንገድ ይሂድ፤ ዳገት ካለ ዳገቱን ይምረጥ። ነቀምት ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍታ በላይ፣ በኮረብታዎች ላይ የተቈረቈረች ከተማ ስለሆነች ዳገት ከእርሷ አይጠፋም፤ ሰዎች የሚያማርሩበት ይህ አቀማመጥ ስለ ልብና ስለ ሳንባ ሲባል ሊመሰገን ይገባዋል። ዳገት ሲወጡ ሰውነት በሜዳ ከሚያጠፋው ኃይል እጅግ የበለጠ ያጠፋል። ዓርብ ቀን ደግሞ በብዙ መሥሪያ ቤቶች የምሳው ዕረፍት ከ5፡30 እስከ 7፡30 ስለሆነ፣ ከሁለቱ ሰዓት ግማሹን ሰዓት ለእግር መስጠት አያስቸግርም።

በዚህ ላይ ከዳገቱ ይልቅ የሚከብድ አንድ ነገር እንዳለ እናውቃለን፤ እርሱም እፍረት ነው። የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ወይም የታወቀ ነጋዴ ቦርሳውን ይዞ በእግሩ ሲሄድ የታየ እንደ ሆነ «ምን ነካው? ደኅና አይደለም እንዴ?» ይባላል። ባጃጅ ነጂዎችም በአጠገቡ ቀስ እያሉ ይጠሩታል። የሚያውቁት ሰዎች መኪና አቁመው ግባ ይሉታል፤ እምቢ ማለትም እንደ ኩራት ይቈጠርበታል። እኛ የምንመክረው ግልጽ መልስ መስጠትን ነው፤ «ሐኪም አዞኛል» ይበሉ። ይህ ጽሑፍ ከጤና ጽሕፈት ቤት የወጣ ስለሆነ ውሸት አይሆንብዎትም። ሁለትና ሦስት ሆነው የሄዱ እንደ ሆነ ደግሞ ጥያቄው ሁሉ ይቀራል፤ ብቻውን የሚሄድ ሰው ገንዘብ ያጣ ሲመስል፣ እየተጫወቱ የሚሄዱ ሦስት ሰዎች ግን ጉዳይ ያላቸው ይመስላሉ።

አንዳንድ ወጣቶች በእጅ ስልካቸው እርምጃቸውን እየቈጠሩ በቀን 10,000 ካልሞላ የደከሙበት ሁሉ ከንቱ የሆነ ይመስላቸዋል። ይህ ቍጥር ከሐኪም አልመጣም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 ዓ.ም. በጃፓን አገር ለገበያ ከቀረበ የእርምጃ መቍጠሪያ መሣሪያ ስም የመጣ ነው፤ የመሣሪያው ስም ትርጓሜ «የአሥር ሺሕ እርምጃ መለኪያ» ነበር። ከዚያ ያነሰ እርምጃም ብዙ ይጠቅማል።

አሁን ወደ ደስታው እንምጣ፤ ደስ የማይል እንቅስቃሴ ከአንድ ወር አያልፍምና። ቂም እንደ ያዘ ሰው ጥርሱን ነክሶ የሚሮጥ ሰው ዝናቡ በጀመረ ሳምንት ያቆማል።

በእኛ አገር እንግዳን መሸኘት የቆየ ልማድ ነው። ቡናው አቦል፣ ቶናና በረካ ተብሎ ካለቀ በኋላ እንግዳው ሲነሣ ባለቤቱ አብሮ ይነሣል፤ እስከ አጥሩ በር ያለው ወግ ሲያምር እስከ ድልድዩ ይደርሳል፤ አንዳንዴም ሸኚው ተሸኝቶ ይመለሳል። ይህን ልማድ እንዳይጠፋ ማድረግ ብቻ ሳይሆን ማስረዘም እንወዳለን። ሦስት ስኒ ቡና ተቀምጠው ከጠጡ በኋላ ግማሽ ሰዓት መሸኘት፣ ለወዳጅነትም ለደም ስኳርም የሚስማማ ነገር ነው፤ ከምግብ በኋላ የሚደረግ እርምጃ በደም ውስጥ የሚወጣውን ስኳር ዝቅ እንደሚያደርግ ተረጋግጧልና።

ጭፈራም አለ። በወለጋ ሠርግ ላይ ሲርባ ሲጀመር ሽማግሌው ሳይቀር ትከሻውና እግሩ አይቀመጥም። ያ ጨፋሪ ከአንድ ሰዓት በኋላ ላቡን በነጠላ ሲጠርግ የታየ እንደ ሆነ ብርቱ ስፖርት ሠርቷል ማለት ነው። ታዲያ ሠርግ እስኪመጣ መጠበቅ ለምን ያስፈልጋል? ማታ በቤት ውስጥ ሬዲዮ ወይም ስልክ ከፍቶ ለሦስት ዘፈን ከልጆች ጋር መጨፈር 15 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ዘፈን የማይወድ ቤተ ሰብ በመዝሙር ያሸብሽብ። እስክስታም እንዲሁ ነው። በቤት ውስጥ ስለሚደረግ ለሴቶች እኅቶቻችን በተለይ ይመቻል፤ በጎዳና መሮጥ ለወንዱ ምስጋና ሲያስገኝለት ለሴቲቱ የሰው ዓይንና ወሬ የሚያመጣባት በመሆኑ፣ ይህም ተገቢ ባይሆንም፣ እስኪቀር ድረስ መቀመጥ የለባትም። ባሎችንም አንድ ነገር እንጠይቃለን፤ በሳምንት ሦስት ማታ ልጆቹን ይዘው ሚስቶቻቸው ከጎረቤት ሴቶች ጋር ግማሽ ሰዓት ወጥተው እንዲሄዱ ያድርጉ። በቤት ያለው ሥራ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ወፍጮ በመኪና፣ ውኃም በቧንቧ በሆነበት ቤት ሥራው የሚደክመው ቆሞ መዋሉን እንጂ ልብ የሚያስመታ እንቅስቃሴውን አይደለም።

ልጆች ያሉት አባት ደግሞ ከእነርሱ የተሻለ አሠልጣኝ አያገኝም። በጨርቅ ኳስ 20 ደቂቃ የተጫወተ ሰው ስንት ጊዜ እንደሮጠ ራሱም አያስታውስም። ገመድ መዝለልና ሰኞ ማክሰኞ የልጃገረዶች ጨዋታ ብቻ ናቸው ያለው ማን ነው? በ1994 ዓ.ም. በኃይሌ ገብረ ሥላሴ አሳቢነት በአዲስ አበባ የተጀመረው የ10 ኪሎ ሜትር ታላቁ ሩጫ ያን ያህል ሕዝብ የሚስበው ሁሉም አንደኛ ልውጣ ስለሚል አይደለም፤ አብዛኛው እየዘፈነና እየተጫወተ፣ ሲደክመውም እየተራመደ የሚጨርሰው ነው። በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች እሑድ ቀን መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ለሕዝብ ሲከፈት የታየውም ይኸው ነው።

ስለ ዝናቡ መናገር ግድ ይሆናል። በወለጋ ክረምቱ ረጅም ነው፤ ከግንቦት ጀምሮ እስከ መስከረም፣ አንዳንዴም ከዚያ አልፎ ይዘንባል። ጭቃው ጫማ ይነጥቃል። ጧት ማልዶ የሚወጣም ሰው ጭለማው ሳይገፍፍ ከውሾች ጋር ይጋጠማል፤ ዱላ መያዝ አይከፋም፤ ጸጥታው የማያስተማምን በሆነበት ስፍራና ጊዜ ደግሞ ከቤት መሥራቱ ይሻላል። ለዚህ የሚሆን ዕቃ ከአንድ ገመድ አያልፍም። ገመዱ ከመካከሉ ሲረገጥ ሁለቱ ጫፎች እስከ ብብት ከደረሱ ልኩ ነው። ለግማሽ ደቂቃ መዝለል፣ ለግማሽ ደቂቃ ማረፍ፤ ይህን አሥር ጊዜ መደጋገም 10 ደቂቃ ብቻ ይወስዳል፤ ነገር ግን ብርቱ ድካም ካላቸው እንቅስቃሴዎች የሚቈጠር ነው። እጅግ የወፈረ ወይም ጉልበቱን የሚያመው ሰው በገመድ አይጀምር፤ መጀመሪያ ሁለት ሦስት ወር በመራመድ ይቅለል።

በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻን ማጠንከር ያስፈልጋል። ያለ ዱካ በርጩማ ላይ ቀስ ብሎ መቀመጥና እጅ ሳይደገፉ መነሣት፤ በግድግዳ ላይ ሁለት መዳፍ አሳርፎ ደረትን ማስጠጋትና መግፋት፤ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውኃ ሞልቶ በእያንዳንዱ እጅ ማንሣት። ውኃ ስለሞላ 5 ኪሎ ይመዝናል፤ ከብረቱ የሚለየው ዋጋ አለመጠየቁ ነው። እያንዳንዱን ከ10 እስከ 12 ጊዜ፣ ትንሽ አርፎም ደግሞ መሥራት ነው። ባለሱቁም ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ይህን ለማድረግ የሚከለክለው የለም፤ መደርደሪያው ይሸፍነዋል።

ስለ ጫማ ሲነሣ ሰዎች አበበ ቢቂላን ይጠቅሱልናል። እውነት ነው፤ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ከተማ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በባዶ እግሩ ሮጦ አሸንፏል። እኛ ግን በወለጋ ሰው በባዶ እግሩ ይሩጥ አንልም። የሮም መንገድ አስፋልትና ድንጋይ ነበር። ዝናብ በሚበዛበት ደጋ ላይ ያለው የእኛ ቀይ አፈር፣ ለብዙ ዓመታት በባዶ እግሩ በሚረግጠው ሰው ላይ እግርን የሚያሳብጠውን የዝሆኔ በሽታ የሚያመጣ ነው፤ ይህም በሽታ በምዕራብ ኢትዮጵያ ብዙ ቤተ ሰብ ያሳዘነ ነው። ስለዚህ ጫማ ያስፈልጋል፤ ውድ ጫማ ግን አያስፈልግም። ለደረቅ ጊዜ ተራ ሸራ ጫማ፣ ከካልሲ ጋር፣ እግርን ሳያጨናንቅ ከበቃ ያገለግላል። ከእርምጃ በኋላ እግርን በሳሙና ታጥቦ በጣቶች መካከል ሳይቀር ማድረቅ ነው።

አሁን የምንናገረው ብዙ ሰው መስማት የማይወደውን ነው። እንቅስቃሴ ብቻውን ክብደት የሚቀንሰው ሰዎች ከሚገምቱት በጣም ያነሰ ነው። ከላይ የጠቀስነው ጸሐፊ በቀን 50 ደቂቃ ሲራመድ የሚያጠፋው ኃይል በግምት 200 ካሎሪ ነው፤ በሳምንት 1,000 ይሆናል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ግን ወደ 7,700 ካሎሪ ይዟል። እንግዲህ ምግቡን ሳይለውጥ በእርምጃ ብቻ አንድ ኪሎ ለመቀነስ ወደ ሁለት ወር ያስፈልገዋል ማለት ነው። ብዙዎች በሦስተኛው ሳምንት ተስፋ የሚቈርጡት ይህን ስላልተነገራቸው ነው፤ እኛም እንደ ሌላው ሁሉ በአሥር ቀን ቦርጭ ይጠፋል ብለን ልናታልላቸው አንፈልግም።

ታዲያ የጎደለው በሻዩ ውስጥ ይገኛል። ያው ጸሐፊ በቀን አራት ብርጭቆ ሻይ ይጠጣል፤ በእያንዳንዱ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ያስጨምራል። በቀን 12 ማንኪያ ነው። አንዱ ማንኪያ 16 ካሎሪ ያህል ስለሚይዝ ድምሩ ከ190 ያልፋል፤ 50 ደቂቃ የተራመደበትን ያህል በሻይ መልሶ ጠጣው ማለት ነው። በብርጭቆ ወደ አንድ ማንኪያ የቀነሰ እንደ ሆነ በሳምንት ወደ 900 ካሎሪ ያተርፋል። እርምጃውና ሻዩ ሲደመሩ በወር አንድ ኪሎ ያህል ይሆናሉ። ምላስ ወዲያው እሺ አይልም፤ ከሦስት ወደ ሁለት፣ ከሁለት ሳምንትም በኋላ ወደ አንድ ቢወርዱ ግን የቀድሞው ሻይ ራሱ ወለላ ሆኖ ያስጠላል። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ደግሞ ከሰባት እስከ ስምንት የሻይ ማንኪያ ስኳር ይዟል። በወጥ ላይ የሚጨመር አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል ነው፤ ይህን የምንጠቅሰው ባለሞያዋን ለመውቀስ ሳይሆን ማንኪያው እንዲቈጠር ነው።

በወር አንድ ኪሎ ምን ይጠቅማል የሚል ሰው ይኖራል። በአሜሪካ አገር የስኳር በሽታ ሊይዛቸው በተቃረቡ ሰዎች ላይ በተደረገውና በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 ዓ.ም. በወጣው ታላቅ ምርመራ፣ ክብደታቸውን ከመቶ 7 እጅ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የተመከሩትና የተረዱት ሰዎች በበሽታው የመያዛቸው ነገር ከሌሎቹ በ58 ከመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከመቶ 7 ማለት 5 ኪሎ ተኩል ያህል ነው፤ በወር አንድ ኪሎ ቢቀንስ በስድስት ወር ይደርስበታል። ከዚህም ሌላ፣ ክብደቱ ምንም ሳይቀንስ እንኳ የሚንቀሳቀስ ሰው የደም ግፊቱ ዝቅ ይላል፤ እንቅልፉም ያምራል። የቀነሰውን ክብደት መልሶ እንዳይጨምርም ከሁሉ ይልቅ የሚረዳው እንቅስቃሴው ነው።

የድካሙ ልክ የሚታወቀው በንግግር ነው። እየሄዱ መነጋገር የሚቻል፣ ነገር ግን መዝፈን የማይቻል ከሆነ መካከለኛው ድካም እርሱ ነው። መዝፈን ከተቻለ እርምጃው ይፍጠን። ሁለት ቃል ተናግሮ ለሦስተኛው ትንፋሽ ካጠረ ግን ለጀማሪ በዝቷልና ይቀንስ። ለዓመታት ተቀምጦ የኖረ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት በቀን 10 ደቂቃ ይበቃዋል፤ በየሳምንቱ አምስት አምስት ደቂቃ ይጨምር። ደረቱን የሚጨምቀው ወይም የሚወጋው፣ ራሱን የሚያዞረው፣ የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ከመጀመራቸው በፊት በአቅራቢያቸው ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄደው ይጠይቁ፤ ደም ግፊትን መለካት ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚወስድ ነው። በእርምጃ ላይ ሳሉ ደረት ላይ ሕመም የተሰማቸው ወዲያው አቁመው ወደ ሐኪም ቤት ይሂዱ። ደግሞም ክብደት ለመቀነስ ምንም ሳይጥር የከሳ ሰው፣ በተለይ ሳል፣ የሌሊት ላብ ወይም ውኃ ጥም ያለበት ከሆነ፣ «ስፖርቱ ሠራ» ብሎ ራሱን ሳያታልል ይመርመር።

ክሩን ካልጣላችሁት አሁን ያስፈልጋል። ዛሬ ጧት ምግብ ሳትበሉ በወገባችሁ ዙሪያ ለኩና ክሩ የገጠመበትን ስፍራ ቋጥሩት። ከዚያም በምስማር ላይ ስቀሉት፤ በየቀኑ አትለኩ፤ የቀን ለውጥ ከውኃና ከምግብ የሚመጣ ስለሆነ ያሳስታል። ከወር በኋላ በዚያው ሰዓት እንደገና ለክታችሁ ሁለተኛውን ቋጠሮ ቋጥሩ። በመጀመሪያው ወር ሁለቱ ቋጠሮዎች ምናልባት የጣት ውፍረት ያህል እንኳ አይራራቁም። በዚያው ወር ግን ወዳጅ አግኝቶ «ምነው ከሳህ?» ማለቱ አይቀርምና፣ ክሩን ከኪስ አውጥቶ ማሳየት ይቻላል።